ልጅ ሲሻገር ቤቱም ይሻገራል

ልጆች ሆይ፤ በክረምት ወራት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሰዎች እንዴት እንደሚሻገሩ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? ብልህ ሰው ወደ ውኃው ዘሎ አይገባም። አስቀድሞ መልካውን ይፈልጋል፤ በዱላው ጥልቀቱን ይለካል፤ ልጅ አብሮት ካለም እጁን አጥብቆ ይይዘዋል። ወዲያ ማዶ ቆሞ «ና፥ ምን ትፈራለህ?» እያለ የሚጣራ አባት ግን ልጁን ጠራው እንጂ አላሻገረውም። ትምህርትም እንደ መንገድ ነውና የራሱ ወንዝና የራሱ መልካ አለው። ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ነገር ነው።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በላስታ አገር የደብር ተማሪ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም ንባብ ይለምዳል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ በመንደሩ፥ ማደሪያውም በእናቱ ቤት ነው። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ዜማ የፈለገ ወደ ዜማ ቤት፥ ቅኔ የፈለገ ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም፥ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም የተሻገረ ተማሪ ብዙ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ወደማያውቀው አገር ሲገባ መምህሩ አዲስ፥ ባልንጀራው አዲስ፥ ትምህርቱም አዲስ ይሆንበታል። ነገር ግን ብቻውን አይተውም። የአገሩ ሰው በደጁ ሲቆም ቍራሽ ይሰጠዋል፤ ቀድመው የመጡ ተማሪዎችም ጎጆ መቀለስን ያሳዩታል፥ ትምህርቱንም ያስቀጽሉታል። እንግዲህ ያ ልጅ የተማረው በራሱ ትጋት ብቻ አይደለም፤ ብዙ እጅ ይዞት ነው።

ዛሬ በመንግሥት ተማሪ ቤትም እንዲህ ያለ መሻገሪያ አለ፤ እርሱም ከ6ኛ ክፍል ወደ 7ኛ ክፍል የሚያልፉበት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያለውን ክፍል አንደኛ ደረጃ፥ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ፥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ለይቶታል። ከዚያ በፊት በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ 7ኛና 8ኛ ክፍል ከአንደኛ ደረጃ ጋር ይቈጠሩ ነበር፤ ከዚያም አስቀድሞ «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባሉ ነበር። ስማቸው ይለዋወጥ እንጂ የነዚህ የሁለቱ ዓመታት ሥራ አንድ ነው፤ ልጅን ከትንሹ ትምህርት ወደ ትልቁ ማድረስ ነው። በ6ኛ ክፍል መጨረሻ አንድ ፈተና፥ በ8ኛ ክፍል መጨረሻም ሌላ ፈተና አለ። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የሚደክሙበትም የሚቀሩበትም ልጆች ብዙዎች ናቸው።

የሚቀሩት ስለ ምንድር ነው? ብዙ ሰው «አእምሮአቸው ስላልቻለ ነው» ይላል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ትምህርቱ ከመክበዱ ይልቅ የኑሮው ሥርዓት በአንድ ጊዜ መለወጡ ልጁን ያደናግረዋል። ለውጡም አራት ነው።

፩ኛ፤ መምህሩ ይበዛል። በታችኛው ክፍል አንድ መምህር ብዙውን ትምህርት ያስተምር ነበርና ልጁን በስሙም በጠባዩም ያውቀው ነበር። በ7ኛ ክፍል ግን ለየትምህርቱ የተለየ መምህር ይገባል። ስለዚህ ልጁ ዝም ቢል፥ ቢያዝንም፥ ቶሎ የሚያስተውለው የለም።

፪ኛ፤ ትምህርቱ ይሰፋል። ሒሳብና አማርኛ፥ እንግሊዝኛና አጠቃላይ ሳይንስ፥ የኅብረተሰብና የዜግነት ትምህርት፥ ሌላውም ሁሉ እያንዳንዱ የራሱ መጽሐፍና የራሱ ሰዓት አለው። በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ በነዚህ ሁለት ዓመታት ቋንቋውን ያላጸና ተማሪ በኋላ ይቸገራል።

፫ኛ፤ መንገዱ ይርቃል። ትንሹ ተማሪ ቤት በመንደር አጠገብ ሲሆን፥ 7ኛ ክፍል ያለበት ግን ተራራ ወርደው ገደል ዞረው የሚደርሱበት ሊሆን ይችላል። የራቀበትም ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር በከተማ ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን በየሳምንቱ ከእናቱ ቤት እየተሸከመ ይማራል።

፬ኛ፤ ዕድሜው ራሱ ይለወጣል። ልጁ ሕፃን አይደለም፤ ትልቅ ሰውም ገና አልሆነም። ሰውነቱ ያድጋል፤ ልቡ ከወላጆቹ ይልቅ ወደ ባልንጀሮቹ ያዘነብላል፤ ተግሣጽም ቶሎ ያስከፋዋል።

ነገሩ በደንብ እንዲገባችሁ አንዲት ልጅ እናስብ። ይህች ልጅ ከላሊበላ ከተማ በላይ በአሸተን ተራራ በኩል የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ናት እንበል። በ6ኛ ክፍል ሳለች ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። በ7ኛ ክፍል በመጀመሪያው ፈተና ግን በሦስት ትምህርት ወደቀች። ጧት ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ከተማው ትወርዳለች፤ ብዙ ቀንም ትዘገያለች። የመጀመሪያው ሰዓት ሒሳብ ከሆነ ሒሳቡ ያመልጣታል። ማታ ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ እንጀራ መጋገር፥ ጥጃ ማሰር፥ ታናሽ ወንድሟን መጠበቅ ይቈያታል። ደብተሯን የምትገልጠው ኩራዙ ሊጠፋ ሲል ነው፤ ያን ጊዜም እንቅልፍ ያሸንፋታል።

አባቷ ውጤቷን በሰማ ጊዜ «እንግዲህ ትምህርቱ ከብዷታል፤ ይበቃት ይሆናል» አለ። አንድ ጎረቤትም «ልጂቱን የሚፈልግ ሰው አለ» ብሎ ነገር ጀመረ። እናቷ ግን «መምህሩን ሳትጠይቅ አትፍረድ» አለችው። አባትየውም ምክሯን ሰምቶ በማግስቱ ወደ ተማሪ ቤቱ ወረደ።

«መምህር፥ እንደምን ዋሉ? ልጄ ሰነፍ ሆነችብዎን?» ብሎ ጠየቀ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፥ አባቴ። ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፤ ደክሟት ነው። ሦስት ነገር ቢሰጧት ታልፋለች» አለው መምህሩ።

«ገንዘብ ከሆነ የለኝም።»

«ገንዘብ አይደለም። ጊዜ፥ መብራትና ጆሮ ይስጧት።»

አባትየው ተገርሞ «ጊዜውና መብራቱስ ይሁን፤ እኔ ፊደል ያልቈጠርሁ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ምን ያደርግላታል?» አለ።

መምህሩም እንዲህ ሲል መለሰለት። «ማታ ማታ፥ ‹ልጄ፥ ዛሬ ምን ተማርሽ?› ብለው ይጠይቋት። ለእርስዎ ልታስረዳ ስትጀምር የገባትንና ያልገባትን ራሷ ትለየዋለች። ያልገባትን በማግስቱ ለእኔ ታመጣዋለች። እርስዎ ማንበብ ባይችሉም እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ይችላሉ።»

አባትየው ወደ ቤቱ ተመልሶ ከሚስቱ ጋር ተመካከረ። የጧቱን ውኃ ታላቅ ወንድሟ እንዲቀዳ ወሰኑ። ከራት በፊት አንድ ሰዓት ለልጂቱ ጥናት ተለየ፤ በዚያ ሰዓት የሚጠራት የለም። ኩራዙም በእርሷ አጠገብ ተቀመጠ። ለጎረቤቱም «ልጄ ገና ተማሪ ናት» ተብሎ ተነገረው። በዓመቱ መጨረሻ ልጂቱ አንደኛ አልወጣችም። ነገር ግን ወደ 8ኛ ክፍል አለፈች። ልብ በሉ፤ ከልጂቱ አእምሮ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር የለም፤ የተለወጠው የቤቱ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ለተማሪ የሚገባውን ሥራ እንናገር።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እወቁ። የትምህርቱን ሰሌዳ ገልብጣችሁ ከመኝታችሁ በላይ ለጥፉት። ለየትምህርቱ የተለየ ደብተር ያዙ፤ የነገውንም ደብተርና መጽሐፍ ዛሬ ማታ አዘጋጁ። ጧት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ያጣል።

ሁለተኛ ጠይቁ። በአዲስ ክፍል ብዙ ልጅ «ይስቁብኛል» ብሎ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ ያልፋል። የአገራችን ሰው «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ቢሳቅብህ ሳቁ በዚያው ሰዓት ያልቃል፤ ያልተማርኸው ነገር ግን እስከ ፈተና ይከተልሃል።

ሦስተኛ የቀኑን ትምህርት በቀኑ መርምሩ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ በየቀኑ ጥቂት ያነበበ፥ ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ከሚነቃው ይበልጣል። መጽሐፉን ከድናችሁ ያነበባችሁትን በቃላችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ገልጣችሁ የረሳችሁትን እዩ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ያነበበው ነገር ይጸናለታል።

አራተኛ ባልንጀራችሁን አክብሩ። ከገጠር የመጣውን በልብሱ ወይም በአነጋገሩ የከተማው ልጅ አይዘባበትበት። ከሩቅ የመጣ ልጅ የሚሸከመው መንገድ ለቅርቡ ልጅ አልተሰጠውም። ይልቁንስ ሰሌዳውን አሳዩት፥ መጻሕፍቱንም አብራችሁ አንብቡ።

አምስተኛ በጥቂት ገንዘብ አትታለሉ። ላሊበላ የእንግዳ አገር ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ በየዓመቱ በገና በዓል ብዙ ሺህ ምእመን ይመጣል፥ የውጭ አገር ሰውም ሊያያቸው ይመጣል። አንዳንድ ልጅ ትምህርቱን ትቶ እንግዳ እየተከተለ ሳንቲም ይለምናል። ይህ ገንዘብ ዛሬ ቢኖር ነገ የለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፥ በኋላም ጦርነት በሆነ ጊዜ እንግዳ ቀርቶ፥ በእንግዳ ብቻ የሚኖሩ ሁሉ ተቸግረው ነበር። ቋንቋ የተማረ፥ ታሪክም የሚያውቅ ሰው ግን እንግዳ ሲመጣ ተከብሮ ያስጎበኛል፤ እንግዳ ሲቀርም በሌላ ሥራ ያድራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለወላጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጅ ወላጁን ማገዝ ይገባዋል። በመኸር ጊዜ ገብሱ መታጨድ፥ ከብቱም መጠበቅ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሥራውን በሰዓት ከፋፍሉት። ልጁ ከተማሪ ቤት ሲመለስ ይሥራ፤ ቅዳሜም ይሥራ፤ በትምህርት ቀን ግን ከክፍል አታስቀሩት። ሒሳብ እንደ ሰንሰለት ነው፤ የአንድ ሳምንቱ ቀለበት ቢበጠስ የሚከተለው አይያያዝም።

ልጃችሁ በከተማ ተከራይቶ የሚማር እንደ ሆነ አከራዩን እወቁ፥ አብረውት የሚያድሩትንም እወቁ። ስንቁን መላክ ብቻ አይበቃም፤ ሳይነግሩት ሄዶ ማየት ይገባል። ቅዳሜ ለላሊበላ ገበያ የሚወርድ ወላጅ እግረ መንገዱን የልጁን ማደሪያ ቢያይ ቀኑ አይባክንበትም።

ስለ ሴት ልጅ ግን በተለይ አስቡ። በዚህ ዕድሜ ሰውነቷ ይለወጣልና እናት አስቀድማ በፍቅር ታስተምራት፤ ንጹሕ ጨርቅም ታዘጋጅላት። ሳታውቀው የደረሰባት ልጅ አፍራ በየወሩ ከትምህርት ትቀራለች፤ የተነገራት ግን አትደነግጥም። ለጋብቻም አትቸኩሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። የ13 ዓመት ልጅ ከ7ኛ ክፍል አውጥቶ መዳር ከሕግ መተላለፉም በላይ ልጂቱን ዕድሜዋን ሁሉ የሚጎዳ ነገር ነው።

ልጁ በፈተና ቢወድቅ አትስደቡት። «ደንቆሮ» የተባለ ልጅ መጽሐፉን መጥላት ይጀምራል። «የቱ ከበደህ? ማንን እንጠይቅ?» የተባለ ልጅ ግን መድኃኒቱን መፈለግ ይጀምራል።

መምህራንም ሥራ አላቸው። በመስከረም ወር አዲስ የገቡትን ልጆች ስማቸውን ማጥናት፥ ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ፥ የዘገየውንም ከመቅጣት በፊት መንገዱን መመርመር ይገባል። ሁለት ሰዓት ተጉዞ አምስት ደቂቃ የዘገየ ልጅና በደጅ ቆሞ ሲጫወት የዘገየ ልጅ እኩል አይፈረድባቸውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ነበር። ስለዚህ 7ኛ ክፍልን በ13 ዓመቱ መጀመር የነበረበት ልጅ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ «ከሕፃናት ጋር አልቀመጥም» ብሎ ያፍራል። ማፈር ግን አይገባውም። ጊዜውን የወሰደበት ጦርነት ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። በቅኔ ቤትም ጢሙ ያበቀለ ሰው ከልጅ ጋር ተቀምጦ ይቀኛል፤ የሚታየው የቅኔው ማማር ነው እንጂ የተማሪው ዕድሜ አይደለም። ታናናሾቹም እንዲህ ያለውን ተማሪ እንደ ታላቅ ወንድም፥ እንደ ታላቅ እኅት ያክብሩ።

በመጨረሻ ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር እንናገር። ቤተ ጊዮርጊስን ያያችሁ ሁሉ ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር ትክክል እንደ ሆነ አይታችኋል። ያነጿት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም፤ ከላይ ጀምረው ወደ ታች አለቱን ጠረቡ እንጂ። አስቀድመው በዙሪያው ጥልቅ ጕድጓድ ቈፈሩ፤ አለቱንም ከሌላው አለት ለዩ። ያን ጊዜ ያየ መንገደኛ ጕድጓድና ፍርስራሽ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አላየም። መስኮቱና በሩ፥ ዓምዱና ቅስቱ የወጡት በኋላ ነው። የ7ኛ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቅም እንዲህ ነው፤ ድካሙ ይታያል፥ ፍሬው ገና አይታይም። ስለዚህ ልጅም፥ ወላጅም፥ መምህርም በመጀመሪያው ፈተና አይፍረዱ። ሰዓቱን ይጠብቁ፤ መብራቱን ያብሩ፤ ማታ ማታም «ዛሬ ምን ተማርህ? ምን ተማርሽ?» ማለትን አይርሱ።

ጥያቄ

፩፤ የደብር ተማሪ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት በሄደ ጊዜ እነማን ይረዱት ነበር?
፪፤ ከ6ኛ ወደ 7ኛ ክፍል ሲያልፉ የሚለወጡት አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
፫፤ መምህሩ ለልጂቱ አባት «ጆሮ ይስጧት» ያለው ምን ማለቱ ነው?
፬፤ ከእንግዳ ለሚገኝ ሳንቲም ትምህርትን መተው ጉዳቱ ምንድር ነው?
፭፤ በጦርነት ምክንያት ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ማፈር የማይገባው ስለ ምንድር ነው?
፮፤ በቤታችሁ ለጥናት የሚሆን ሰዓት የትኛው ነው? ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።